ስለ ዘንዶዋ ልጅ የተባለው

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5

ፑም ዛሬ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ነገ ለሦስት ወር የዝናብ ሱባኤ ይመነኩሳል፤ የአገራችን ወንድ ሁሉ አንዴ እንዲህ ያደርጋል። የሚመነኩስ ሰው የማንንም ቂም ተሸክሞ ገዳም አይገባምና ከጠዋት ጀምሮ አበባና ሻማ በሰሐን ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ነው የዋለው። እናቱ ሳይቡዋ፣ ባትወልደኝም በአክብሮት አክስቴ የምላት፣ ጃንጥላ ይዛ ከኋላው ትከተላለች። የቀረ ሰው እንዳይኖር የምትቆጥር ትመስላለች። እኛ ቤት ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ በላብ ተለጥፎ ነበር።

እማ የዓሣ መጥበሻውን ፍም ማራገቢያ አስቀምጣ እጇን ታጠበች። ምንጣፍ ዘረጋን። ፑም ከፊቴ ተንበረከከ። በስድስት ዓመት ፍቅራችን ውስጥ እኔ ፊት የተንበረከከው የሞተር ሳይክሌን ጎማ ሲነፋ ብቻ ስለሆነ ሳቄ መጣ።

«በሥራም ሆነ በቃል ወይም በሐሳብ፣ አውቄም ይሁን ሳላውቅ የበደልኩሽ ካለ ይቅር በይኝ» አለ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው።

«ይቅር ብያለሁ! ያለፈውንም፣ የሚመጣውንም!»

እማ ጉልበቴን በጥፊ አለችኝ። «የሚመጣውን አይባልም፣ አንቺ! ሰው ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማል?»

አክስቴ ሳይቡዋ እንኳ ፈገግ አለች። ፑም ግን አልሳቀም። ሰሐኑን ሲያቀብለኝ እጁ ተንቀጠቀጠና አንዲት የሎተስ እንቡጥ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ፈርቶ ነው። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ከእኩለ ቀን በኋላ ምግብ የለም፣ ስልክ የለም፣ እኔ የለሁም። ሱባኤው ሲያልቅ ልብሱን መልሶ ይወጣል፣ እናቱም እኔን ለልጇ ልትጠይቅ ትመጣለች። እንዲህ ነው የተባባልነው።

መጽሐፌ፣ ስለ ዘንዶዋ ልጅ የጻፍኩት ልቦለድ፣ ከወጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። በአንባቢዎች ገጽ ላይ አርባ አንድ አስተያየት ደርሶታል። ሁሉንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ይሄን ለማንም አልናገርም። አንዱ «ክንፍ የሌለው ዘንዶ ምን ዘንዶ ነው? አንድ ኮከብ» ይላል። ወንድሜ፣ የሜኮንግ ዘንዶ ክንፍ ኖሮት አያውቅም፤ ውሃ ውስጥ ምን ሊያደርግበት! ሌላዋ ደግሞ፦ «አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ መውረጃዬን አለፍኩ። ይሄ ቅሬታ ነው።» አምስት ኮከብ ሰጥታኛለች።

እሑድ፣ ጁላይ 6

ተላጨ። ነጭ ለበሰ። ጆሮው ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ዘንዶው መጣ! ዘንዶው መጣ!» እያሉ በከበሮ አጅበው በትከሻቸው ተሸክመውት ገዳሙን ሦስት ጊዜ ዞሩ። የሚመነኩስ ወንድ ሁሉ ለአንድ ቀን ዘንዶ ይባላል። ድሮ አንድ ዘንዶ የሰው መልክ ይዞ መንኩሶ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደው ጅራቱ ወጥቶ ተጋለጠና ተባረረ። ሲሄድ ስሜ እንኳ ይቅርላችሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ሊመነኩስ የሚገባ ሁሉ በስሙ ይጠራል፣ «ሰው ነህ ወይ?» ተብሎም ይጠየቃል።

አበምኔቱ ፑምን ጠየቁት። «አዎን፣ ጌታዬ» አለ። ከምሰሶው ኋላ ሆኜ ሰማሁት።

እኛ ዘንድ ሴት አትመነኩስምና ይሄን ጥያቄ የሚጠይቃት የለም። እኔ ግን ጻፍኩት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ። ኬው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ዘንዶ፣ በሰው መልክ ከወንዝ ወጥታ ልመንኩስ ትላለች። «ሰው ነሽ ወይ?» ሲሏት «አይደለሁም። መዋሸት ግን አልችልም። ይሄ አይበቃም?» ትላለች። የመጽሐፉ ስምም ከዚያ ነው የመጣው፣ «ሰው ነሽ ወይ?»።

አክስቴ ሳይቡዋ ሰላምታዬን አልመለሰችም። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ አላየችኝም።

የሱባኤው 1ኛ ቀን፣ ዓርብ

ዝናብ። ሰማንያ ስምንት ቀረው።

የሱባኤው 6ኛ ቀን፣ ረቡዕ

በምሠራበት ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መጽሐፍ እየደረደርኩ ስልኬ መጮህ ጀመረ፤ አላቆመም። አንድ አስተያየት ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ሐሙስ ጁላይ 3፣ እኔ በማልከታተለው ሌላ ገጽ ላይ የተጻፈ ነው። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ማንም ሳያየው ተኝቶ ቆይቶ፣ ትናንት አንድ ታዋቂ ሰባኪ አነሣው። ፈራሚው «ከወንዙ ዳር» ይላል፤ ሌላ ስም የለውም። ለራሴ እንዲቀር እገለብጠዋለሁ፦

«ጸሐፊዋ መጻፍ ትችላለች፣ ይህን መካድ አይቻልም። ወንዙን ስትጽፍ ውሃው እግር ያርሳል። ስጦታዋን ግን እናቶቻችንን ለመዝለፍ ተጠቀመችበት። እናት ልጇ ሲመነኩስላት የልብሱን ጫፍ ይዛ ወደ ሰማይ ትወጣለች። ጸሐፊዋ በዚህ ላይ እንዲህ ስትል ትቀልዳለች፦ እናት በልጇ ልብስ ጫፍ ተንጠልጥላ ወደ ሰማይ የምትወጣ ከሆነ፣ ሴት ልጅ የወለደችውስ በምን ትንጠልጠል? ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ንቀት ነው። ምዕራፍ ዘጠኝን ለእናቱ የሚያነብ ልጅ ካለ እናት የለውም ማለት ነው።»

ከሁሉ ያመመኝ ጥሩ አድርጎ መጻፉ ነው። «ውሃው እግር ያርሳል።» እንዲህ ያለ ምስጋና ከሌላ ከማንም አላገኘሁም።

ፑም ቢኖር ኖሮ አሁን ጀልባ ማቆሚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን መልሱን አብረን እንጽፍ ነበር። እኔ ስድብ እጨምራለሁ፣ እሱ በእርሳስ ይሰርዛል።

የጠቀሰውን መስመር በስንተኛው ገጽ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። ሰባት ጊዜ የጻፍኩት መጽሐፍ ነው። ዓይኔም ደክሟል። ነገ እፈልገዋለሁ።

የሱባኤው 9ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

እማን ገበያ ላግዛት ሄድኩ። ቅጠላ ቅጠል የምትሸጠዋ ከመድረሴ ጀመረችኝ። «ሙክዬ፣ ዛሬ ጅራትሽን የት ደበቅሽው?»

እማ ከፍሙ ላይ ቀና ሳትል መለሰችላት። «አንቺ ምላስ ላይ ተጠምጥሞ ይሆናል፣ ፈትሺው።»

ተሳሳቁ። ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። ከኋላ፣ በርበሬ ከሚወቀጥበት በኩል፣ እኔ እንደማልሰማ ሆነው፦

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ያ ቅንድቡ ላይ የመንጠቆ ጠባሳ ያለው፣ የሳይቡዋ ልጅ አይደለም?»

«ነው እንጂ! ሳይቡዋ ስታነበው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም አሉ።»

«መቼ?»

«ልጁ ሊመነኩስ ሰሞን ነዋ።»

ጠባሳው የፑም ነው፤ እውነት ነው። አስፈቅጄዋለሁ። «ቅንድቤን ውሰጂው፣ ጆሮዬን ብቻ ተይልኝ» ነበር ያለኝ።

የሱባኤው 18ኛ ቀን፣ ሰኞ

ናት የምትባለው አርታኢዬ ከባንኮክ ደወለች፤ «ፒ ናት» ነው የምላት፣ ፒ ማለት ታላቅ እህት ነው። የምትቆጣ ታላቅ እህት ድምፅ ነው ያላት፤ ለስለስ ስትል እፈራታለሁ።

«ሙክዬ፣ መደብሮቹ መጽሐፉን እየመለሱ ነው። አንድ የምእመናን ማኅበርም ደብዳቤ ጽፏል። አለቃዬ የሚለው፣ ምዕራፍ ዘጠኝን እናውጣ፣ አንቺ አንድ ገጽ ይቅርታ ጻፊ፣ ሁለተኛው እትም ሱባኤው ሲያልቅ ይወጣል።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ሁለተኛ እትም የለም።»

«ፒ ናት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ሲወጣ ምን ይቀራል? ስትዋኝ የምትውል ልጅ ነው የምትቀረው።»

«አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ እንዴ ያረምኩት? እስከ ሱባኤው ማብቂያ አስቢበት።»

ርእሰ መምህሩም መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሺ ብሎኛል። የገዛ መጽሐፌን በገዛ እጄ አውርጄ ካርዱ ላይ «ተነሥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር።

የሱባኤው 26ኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁት ሥራ ያሳፍራል። እጽፈዋለሁ።

«ከወንዙ ዳር» ማን እንደሆነ ደርሼበታለሁ ብዬ ነበር። መምህር ቡንሶንግ ናቸው አልኩ፤ እኔንም ፑምንም ድርሰት ያስተማሩን። አረፍተ ነገሩ የሳቸውን አካሄድ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ማመስገን፣ ከዚያ መቅጣት። በመምህራኑ ክፍል፣ ሰው ሁሉ ምሳ እየበላ፣ ስልኬን ከሩዛቸው አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ስምዎን መጻፍ ፈሩ?»

መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት። አንብበውት እንደነበር ያስታውቃል፤ ግን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ልጄ፣ መጽሐፍሽን አልወደድኩትም» አሉ። «አልወደድኩትም ለማለት ግን ጭምብል አያስፈልገኝም። ጊዜ ሳገኝ በስሜ እጽፋለሁ።» ከዚያ መነጽሩን እየጠረጉ፣ «ይሄ ሰው የጠቀሰው መስመር ግን የት ነው ያለው? ሦስት ጊዜ ፈለግኩት፣ የለም።»

አንዱ መምህር «እባቧ ነደፈችን» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወጣሁ።

ከማተሚያ ቤቱ የሆነ ሰው ይሆናል። ረቂቅ በስንት እጅ ያልፋል። ወይም ከፒ ናት ቢሮ።

የሱባኤው 37ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

የጸሎት ቀን። ከእማ ጋር ገዳም ሄድን። ፑም ከመነኮሳቱ ረድፍ መጨረሻ ላይ ነው። ከስቷል። አንድም ጊዜ ቀና አላለም፤ ቀና ማለት አይገባቸውም። እኔ ግን አርባ ጊዜ ያህል አየሁት፤ ይሄም አይገባም።

አክስቴ ሳይቡዋ ከፊት ተቀምጣ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማሁ፦ «የኔ ልጅ ንጹሕ ሆኖ ነው የገባው። የሚጻፈውን ጽፎ፣ የሚባለውን ብሎ።»

ምን እንደጻፈ አላውቅም። ለኔ ደብዳቤ አልጻፈም።

አስተያየቱ ሰባት መቶ አልፏል። ያላነበቡት ይበዛሉ። «ሳላነበው ጠላሁት፣ ካነበብኩት ደግሞ ምን ልሆን ነው» የሚል አለ። እሱ ቢያንስ አይዋሽም።

የሱባኤው 58ኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ወንዙ ሞልቷል። ከሌሊቱ ጀምሮ ዕቃ ወደ ላይ። ሩዙን። የእማን ከሰል። መጻሕፍቱን።

ረቂቁን ያስቀመጥኩበት የብስኩት ቆርቆሮ። ክዳኑ ተከፈተ።

ምዕራፍ ዘጠኝ፣ አራተኛው አንቀጽ። እናት በልጇ ልብስ ጫፍ። በላዩ የእርሳስ መስመር። በጎኑ የሱ ጽሕፈት፦ «ይሄን አውጪው፣ እባክሽ። እማዬ ካነበበችው ታለቅሳለች።» ከሥሩ የኔ፦ «እሺ። ለእማዬ ስል ሳይሆን ላንተ ስል።»

አውጥቼዋለሁ። ለፒ ናት ከመላኬ በፊት አውጥቼዋለሁ። መስመሩ ታትሞ አያውቅም። ማተሚያ ቤትም አላየውም። አይተነው የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን።

አስተያየቱን እኔ አልጻፍኩትም።

ሐሙስ ጁላይ 3 ጻፈ። ቅዳሜ ጁላይ 5 አበባ ይዞልኝ መጣ።

ይሄ ገጽ የረጠበው ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ቀኑን ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰው እቆጥራለሁ።

እማ ላይኛው ወለል ላይ፣ በትንሿ ምድጃ ዓሣ እያገላበጠች ነበር። ውሃው ደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ቆሟል።

«እማ፣ ይቅርታ ይመለሳል?»

«ለማን የሰጠሽው?»

«ታውቂያለሽ።»

ዓሣውን አገላበጠች። «እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የሚመነኩስ ልጅ እጁ የሚንቀጠቀጠው አበምኔቱ ፊት ነው። አንቺ ፊት ምን አስፈራው ብዬ ነበር በልቤ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቂ ነበር። ስትስቂ ማቋረጥ አልወድም።»

ምን እንዳደረገ ነገርኳት። የመስመሩን ቃል ግን አልነገርኳትም። እማ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። መስመሩን የጻፍኩት ስለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ያነበበው ፑም ብቻ ነው፣ እሱም ስለ እናቱ መስሎት ነበር። ወይስ ያውቅ ነበር?

«የሰጠሽውን አትመልሺም» አለች እማ። «ግን ምን እንደሰጠሽ ማወቅ መብትሽ ነው። እሑድ ገዳም አብሬሽ እሄዳለሁ። መነኩሴ ብቻሽን ማነጋገር አይፈቀድልሽም።»

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ማታ። ሁሉንም መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ነገ ቃሎቹን አሳምሬ እንዳላስታውሳቸው።

እሱ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ፣ እኛ ከታች ምንጣፍ ላይ። እማ በመካከላችን ተቀምጣ እንቅልፍ እንደወሰዳት ሆነች። ሰግጄ ጀመርኩ። ስድስት ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው «እርስዎ» ስለው ምላሴ አልተደናቀፈም። ይሄ ነው የገረመኝ።

«አባ፣ ሐሙስ ጁላይ 3 ምን ሲሠሩ ነበር?»

ጉንዳን በምንጣፉ ጠርዝ አለፈ፤ ሁለታችንም በዓይናችን ተከተልነው።

«እናቴ አልበላም አለች» አለ። «ሰው ሁሉ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ያንቺ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ልጅ መንኩሶ ምን ይጠቅምሻል ይላታል አለች። ከመጽሐፉ ጋር እንደማልስማማ አንድ ቦታ ጽፌ ላሳያት ነበረብኝ። እሷ ካየችው በኋላ ማንም አያነበውም ብዬ ነበር።»

«ስምዎን ለምን አልጻፉም?»

የልብሱን ጫፍ አስተካከለ።

«ያንን መስመርስ? እርስዎ አውጪው ብለውኝ ነው ያወጣሁት።»

«እናቴ፣ የሚያስለቅሰውን ቦታ ጥቀስ አለችኝ። መጽሐፉ ውስጥ… በቂ ነገር አልነበረም።»

መጽሐፉ ውስጥ በቂ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከቆርቆሮዬ ወሰደ።

«ይቅርታ ጠይቄሻለሁ» አለ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውቄም ይሁን ሳላውቅ ብዬ።»

«አባ፣ ያ ቃል እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ነው የሚናገረው። እኔ አውቄ ይቅር ብዬ እንደሆነ አይናገርም።»

ያኔ ቀና አለ። ከጁላይ ወዲህ ዓይኑን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። መልኩ ያው ነው፣ ቅንድብ የሌለው መሆኑ ካልሆነ፤ መነኮሳት ቅንድባቸውንም ይላጫሉ። ጠባሳው ብቻውን ቀርቷል። እጄ ሊነካው ተነሣ ማለት አልፈልግም፤ ግን እማ ከእንቅልፏ «ነቅታ» የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

ደረጃው ላይ አክስቴ ሳይቡዋ ጠበቀችን። የምትጮህ መስሎኝ ነበር።

«ኦክቶበር 10 ይወጣል» አለች። «ያንን ምዕራፍ አውጪውና በማግስቱ ለልጄ ልጠይቅሽ እመጣለሁ። ከሰው ፊት፣ በወግ።»

«አክስቴ፣ ምዕራፍ ዘጠኝን አንብበሽዋል?»

«ያነበብኩት ይበቃኛል። ስሚኝ ልጄ፣ ክፉ አይደለሁም። አባቱን ወንዙ ወስዶብኛል። ከዚህ ልጅ ልብስ ሌላ የምይዘው ነገር የለኝም። አንቺ እሱንም ከእጄ ቀምተሽ ጥያቄ አደረግሽው።»

እውነቷን ነው፣ የኔም እውነት ነው፣ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም።

ሴፕቴምበር 23

አንድ ምዕራፍ ምንድን ነው? አሥራ ስምንት ገጽ። ሰው ለሚወደው ከዚህ የበለጠ ይጥላል።

ሴፕቴምበር 24

አልወደውም።

ሴፕቴምበር 26

የይቅርታ ደብዳቤውን ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ እጄ በራሱ «አውቄም ይሁን ሳላውቅ» ብሎ ጻፈ። ቀደድኩት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

መምህር ቡንሶንግ ጊዜ አግኝተዋል። ሙሉ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጽፈው በአንባቢዎች ገጽ ላይ ሁለት ኮከብ ሰጡኝ። «አንደኛ፣ የዘንዶዋ ልጅ አብዝታ ትናገራለች። ሁለተኛ፣ ምዕራፍ አራት ሙሉ በሙሉ የሚዋኝበት ነው፣ እኔም አንባቢው ታፍኜ ልሞት ነበር። ሦስተኛ፣ በምዕራፍ ዘጠኝ አልስማማም፤ ሌሊት ተነሥቼ አልስማማም፣ ጠዋትም አልስማማም። እንዲህ አብሬው ያደርኩት ምዕራፍ ከሌላ መጽሐፍ አላስታውስም። ስለዚህ ከመደርደሪያዬ አይወርድም።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው!

ከሥሩ አንዲት ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው ትላለች፣ ከወንዙ ታችኛው በኩል ከናኮን ፋኖም፦ «ምዕራፍ ዘጠኝን ለእናቴ አነበብኩላት። እኛ ሦስት ሴቶች ነን። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት። ሌላ ምንም አላለችም፣ ግን ራቷን ከኛ ጋር ቁጭ ብላ በላች።»

ከዚህ በኋላ ለፒ ናት ደወልኩ።

«ምዕራፍ ዘጠኝ ከመጽሐፉ አይወጣም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ? እንደገና አይታተምም እኮ፣ ሙክዬ።»

«ካላተማችሁት መብቱ የኔ ነው?»

«ያንቺ ነው።» አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። «ክንፍ ያለው ዘንዶ ብትጽፊ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁና ኦክቶበር 11ን አሰብኩ። ሰማያዊውን ቀሚስ ልለብስ ነበር። አክስቴ ሳይቡዋ ወደኛ በር አትመጣም። እሱ ብቻውን ቢመጣስ ብዬም አሰብኩ። እሱ ብቻውን የሚመጣ ሰው አይደለም። ይሄን ስድስት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር፤ ጨዋነት ነው የምለው የነበረው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

የሱባኤው መጨረሻ፣ ሙሉ ጨረቃ። ወንዙ ዳር መቆሚያ የለም። የዘንዶው እሳት የምንለው፣ በየዓመቱ በዚህ ሌሊት ከውሃው የሚወጣው ቀይ የብርሃን ኳስ፣ ብቅ ባለ ቁጥር ሕዝቡ «ሆ!» ይላል። እማ በፍጥነት ዓሣ ትሸጣለች፣ እኔ በሙዝ ቅጠል እጠቀልላለሁ።

ፋታ ስናገኝ ስልኬን አውጥቼ «እማ፣ አንድ ነገር ላንብብልሽ» አልኳት። መጽሐፌን አላነበበችውም፤ ፊደሉ ትንሽ ነው ትላለች። አራተኛውን አንቀጽ አነበብኩላት፣ በእርሳስ የተሰረዘውን ጨምሬ። እናት በልጇ ልብስ ጫፍ ተንጠልጥላ ወደ ሰማይ የምትወጣ ከሆነ፣ ሴት ልጅ የወለደችውስ በምን ትንጠልጠል?

እማ የዓሣውን መቆንጠጫ ይዛ ቆመች። ከወንዙ አንድ እሳት ወጣ፣ ሕዝቡ ጮኸ። እሷ ዞራም አላየችው።

«ስለኔ ነው?»

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ የሚሰድብሽ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ስንጠለጠል መቼ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» አለች። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ክንዴም አይችልም።» ከዚያ ቆየት ብላ፣ ወደ ፍሙ አጎንብሳ፣ «ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጥሩ አደረግሽ፣ ጠየቅሽልኝ።»

ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር። የኔም ውስጥ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ንጋት ላይ መነኮሳቱ በረድፍ ለምጽዋት ወጡ። የሱባኤው ማብቂያ ነውና ከተማው ሁሉ መንገዱን ተሰልፏል። የሩዝ ሙዳዬን ይዤ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ። ለእያንዳንዱ መነኩሴ ሳህን አንድ ጭብጥ ሩዝ። ፑም አሥራ አራተኛ ነበር። ከእናቱ ሁለት ሰው አልፎ ነው እኔ ጋ የደረሰው። እሷ ስታየኝ ነበር።

ለአሥራ ሦስቱ የሰጠሁትን ያህል ሰጠሁት። አላበዛሁትም፣ አላሳነስኩትም። ሩዙ ገና ትኩስ ነበር፤ ሳህኑ ውስጥ ሲወድቅ ድምፅ አልነበረውም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። መነኩሴ አያመሰግንም፣ ይቅርታም አይጠይቅም፤ ቆሞ ይቀበላል፣ ያልፋል። አለፈ። አሥራ አምስተኛው ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለሳቸው ሳህናቸውን ደግፌላቸው ልሰጥ ፈለግሁ፣ አይፈቀድም።

ይቅር ያልኩትን አልመለስኩም። እማ ሰምታኛለች፣ እናቱ ሰምታኛለች። የሚመጣውንም ብያለሁ። ዓርብ ልብሱን ይመልሳል፣ ፀጉሩ ያድጋል፣ ቅንድቡም። ጠባሳው ይሸፈናል። አንድ ቀን ገበያ እንገናኛለን፣ ዓሣ ይገዛል፣ እማም ጥሩውን መርጣ ትሰጠዋለች። ይሄ ሁሉ ይሆናል። እኔ ግን የብስኩት ቆርቆሮዬን ከእንግዲህ ለማንም አልከፍትም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ውሸት ነው። እከፍተዋለሁ። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ቤት ገብቼ ምዕራፍ ዘጠኝን በሙሉ፣ አሥራ ስምንቱንም ገጽ፣ በአንባቢዎች ገጽ ላይ ማንም እንዲያነበው ለጠፍኩት። ከዚያ በሌላኛው ገጽ ወደ ጁላይ 3 ተመልሼ ከሱ አስተያየት ሥር የመጀመሪያዬን መልስ ጻፍኩ። ስድብ የለበትም። የሚሰርዝልኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ሰረዝኩት፦

«ውድ አንባቢ ከወንዙ ዳር፣ የጠቀስከው መስመር በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም። የምወደው ሰው ለምኖኝ አውጥቼው ነበር። ዛሬ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ፣ አራተኛው አንቀጽ። ከእንግዲህ ጥቅስህ ሐሰት አይደለም። እናቴም አንብቤላት ሰምታዋለች። ሙክዳ ቻንታራት፣ ከዚያው ወንዝ ዳር።»